ዘይትን እንደ ውሃ፦ የሠዓሊ ዛኦ ዉ-ኪ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

«ምሥራቅንና ምዕራብን ያገናኘ ሠዓሊ» የሚለው ሙገሳ በዐውደ ርእይ መግቢያዎች ላይ ይበዛል። ድልድዩ ከምን እንደተሠራ፣ ስንት ዓመት እንደፈጀ፣ የትኛው ሙከራ መንገድ ላይ እንደቀረ ግን እምብዛም አይነገርም። ለሚሠራ ሰው የሚጠቅመው ደግሞ ይኸኛው ነው።

በቻይና ተወልዶ በፈረንሳይ የኖረው ዛኦ ዉ-ኪ ለዚህ ጥያቄ የሚመች ጉዳይ ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሥዕሎቹን የሰየመው በተጠናቀቁበት ቀን ስለሆነ ለውጡን በቅደም ተከተል መከታተል ይቻላል። ከዚህም በላይ ሥዕሎቹ ፊት ቆሞ የሚመረምር ሰው፣ ሁለቱ ዓለማት የተገናኙት በሥዕሉ ርእስ ሳይሆን በአሠራሩ መሆኑን ያያል። ተራራ፣ ቀርከሃ ወይም ዘንዶ የለም። ያለው የእጅ ፍጥነት፣ የቀለም ቅጥነትና የባዶ ቦታ አያያዝ ነው።

ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በአደባባይ ከሚታወቁ ሠዓሊያንና ደራስያን በቀር የቤተሰብ አባላት፣ አታሚዎችና ተማሪዎች በስም አልተጠሩም።

ዳራ

ዛኦ በ1920 ቤጂንግ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የባንክ ባለሙያ ነበሩ፤ በትርፍ ጊዜያቸውም ይሥሉ ነበር። የብሩሽ ጽሕፈትን በልጅነቱ ከአያቱ ተማረ። በ1935 በሀንግዡ ወደሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርት ቤቱ በ1928 የተከፈተ ሲሆን የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሊን ፌንግሚያን በፈረንሳይ ተምረው የተመለሱ ሠዓሊ ነበሩ።

በዚህ ግቢ ሁለት ትምህርቶች ጎን ለጎን ይሰጡ ነበር። በአንዱ ክፍል ተማሪው የጥንት ጌቶችን ጥቅልል ሥዕሎች በጥቁር ቀለም ይገለብጣል። በሌላው ክፍል ከፕላስተር ምስልና ከሞዴል ይነድፋል፣ በዘይት ቀለም ይሠራል። ዛኦ በመጀመሪያው ተሰላቸ፤ ሁለተኛውን ያዘ። ይህ ነጥብ ሊሰመርበት ይገባል፤ ምክንያቱም የሁለቱ ዓለማት ግንኙነት የተጀመረው ፓሪስ ሲደርስ ነው ብለው የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። ግንኙነቱ የተጀመረው ቻይና ውስጥ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የጊዜ ሰሌዳ ላይ ነው። የምዕራብ ሠዓሊያኑን ሴዛንን፣ ማቲስንና ፒካሶን ያወቃቸውም እዚያው ሆኖ በፖስት ካርድና በመጽሔት ቅጂዎች ነበር።

በ1937 ከጃፓን ጋር ጦርነቱ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ወደ መሀል አገር ተሰደደ። ዛኦ ትምህርቱን ሲጨርስ እዚያው በረዳትነት አስተማረ፤ በ1941 ቾንግቺንግ ላይ የመጀመሪያውን ዐውደ ርእይ አሳየ። በየካቲት 1948 ከሻንጋይ በመርከብ ተነሥቶ ሚያዝያ 1 ቀን ፓሪስ ገባ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሉቭር ቤተ መዘክር ሄደ።

ችግሩ

ፓሪስ ውስጥ ሁለት የተዘጋጁ ቦታዎች ጠበቁት፤ ሁለቱም ወጥመድ ነበሩ።

የመጀመሪያው «ቻይናዊው ሠዓሊ» የሚለው ቦታ ነው። አውሮፓ ከ17ኛውና ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሸክላን፣ የግድግዳ ወረቀትንና የቤት ዕቃን በቻይና አምሳያ ማስጌጥ ለምዷል። ጥቁር ቀለምና የሩዝ ወረቀት እየተባለ የሚጠራውን ወረቀት ይዞ የቀረበ ወጣት ቻይናዊ በዚያው ዓይን መታየቱ አይቀርም ነበር፤ ሥራው እንደ ጌጥ ይወደዳል እንጂ እንደ ዘመናዊ ሥዕል አይመረመርም። ሁለተኛው ቦታ የፓሪስ ጌቶችን አስመስሎ የሚሠራ ሌላ አንድ የውጭ ተማሪ መሆን ነው። በከተማው እንዲህ ዓይነት ተማሪ ሞልቶ ነበር።

ከእነዚህ በስተጀርባ ሦስተኛና የቁስ ችግር ነበረ። የቻይና ጥቁር ቀለም ከጥላሸትና ከእንስሳ ሙጫ ተጋግሮ ይደርቃል፣ በድንጋይ ላይ በውሃ ይፈጫል፣ ያልታሸ ወረቀት ላይ ሲነካ ወዲያው ይሰርጋል። ያልታሸ ማለት መስረግን የሚከለክል ሙጫ ያልተቀባ ማለት ነው። አንዴ የወደቀ መስመር አይነሣም፤ ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያውን አይሸፍነውም። የዘይት ቀለም በተቃራኒው የተዘጋጀ ሸራ ገጽ ላይ ይቀመጣል፣ በአየር እየተዋሐደ ቀስ ብሎ ይጠነክራል፣ ይፋቃል፣ ይደረባል፣ ሐሳብ ይቀየርበታል። አንዱ ቁስ ውሳኔን ከመጀመሪያው ይጠይቃል፤ ሌላው ውሳኔን ለማዘግየት ያስችላል። ዕቃ መቀያየር ብቻውን መፍትሔ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ለእኛ አንባቢ የብራና ጸሐፊን ሥራ ማሰብ ልዩነቱን ያቀርበዋል። የእኛም ጥቁር ቀለም ከጥላሸት ይሠራል፤ ብራና ግን እንደዚያ ወረቀት አይመጥም። ቀለሙ ከላይ ስለሚቀር ስሕተት በስለት ተፍቆ ይታረማል። የሀንግዡ ተማሪ ያ ዕድል አልነበረውም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ መተው ነበር። ዛኦ ጥቁር ቀለምን አስቀመጠ፤ ወደ እሱ በቁም ነገር የተመለሰው በ1971 ነው። ከሃያ ዓመት በላይ! ይህ ርቀት በብዙ ታሪኮች ውስጥ እንደ ኪሳራ ይቆጠራል። ሥራዎቹን በቅደም ተከተል ላየ ግን ቀሪውን ሁሉ ያስቻለው ይህ ርቀት ነው።

ቀጥሎ የመጣው የድንጋይ ኅትመት ነው። በ1949 ፓሪስ ውስጥ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት ሊቶግራፊን ሞከረ። ሊቶግራፊ ቅባትና ውሃ በመገፋፋታቸው ላይ የቆመ አሠራር ነው፦ በድንጋዩ ላይ በቅባታማ ቀለም የተሠለው ቦታ የኅትመት ቀለሙን ይቀበላል፣ የረጠበው ቦታ ይመልሳል። ዛኦ ለሥዕሉ የሚጠቀመውን ቅባታማ ቀለም በብዙ ውሃ አቀጠነው። አታሚው እንዲህ አይደረግም አለው፤ ምክንያቱም የቀጠነው ቦታ በቂ ቅባት ከሌለው በኅትመት ጊዜ ይጠፋል። ውጤቱ ግን ከፈዛዛ ግራጫ እስከ ጥልቅ ጥቁር የሚሄድ፣ በወረቀት ላይ የሰረገ የሚመስል ገጽ ሆነ። ገጣሚው ኦንሪ ሚሾ ስምንቱን ኅትመቶች አይቶ ጽሑፍ ጻፈባቸው፤ በ1950 አብረው ታተሙ። ይህች አነስተኛ ሥራ የጉዳዩ ቁልፍ ነች። ርእሱ ሳይሆን የውሃው መጠን ነበር ከቻይና የመጣው፤ ያንንም ያወቀው የምዕራብ ቴክኒክ ሲይዝ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ከሠዓሊው ፓውል ክሌ ሥራ ጋር መገናኘቱ ነው። በ1951 ስዊዘርላንድ ውስጥ የክሌን ትንንሽ ሥዕሎች አየ። ክሌ ራሱ በ1916 የቻይና ግጥሞችን በጀርመንኛ ትርጉም በውሃ ቀለም ሥዕሎቹ ውስጥ በፊደላቸው ጽፏቸው ነበር። ስለዚህ ዛኦ በክሌ ውስጥ ያገኘው የራሱ አገር ነገር በሌላ እጅ ዞሮ የመጣውን ነው። በዚህ ጊዜ የሠራቸው ሥዕሎች ቀጭን፣ የተጫረ የሚመስል መስመር አላቸው፤ ጀልባ፣ ዛፍ፣ ከተማና ወፍ መሬት በሌለው ገጽ ላይ ይንሳፈፋሉ። ያምራሉ። ገዢም ነበራቸው። ሠዓሊው ራሱ ግን የክሌ ሁለተኛ ቅጂ ሆኖ መቅረትን ፈራ፤ ፍርሃቱም ትክክል ነበር።

አራተኛው እርምጃ ምልክቱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ዓመት አካባቢ የሻንግ ሥርወ መንግሥት ጠንቋዮች በዔሊ ቅርፊትና በከብት ትከሻ አጥንት ላይ ጥያቄ ይቀርጹ ነበር። በነሐስ ዕቃዎች ላይም ተመሳሳይ ጥንታዊ ጽሕፈት አለ። ዛኦ ከእነዚህ ተነሥቶ፣ ግን ሳይገለብጣቸው፣ የማይነበቡ ምልክቶችን ፈጠረ። በ1954 የሠራውና አሁን በፓሪሱ ፖምፒዱ ማዕከል ያለው «ነፋስ» የተሰኘው ሥዕል የዚህ መነሻ ነው። ጠባብና ረጅም ሸራ ነው፤ ምልክቶቹ በጨለማ ገጽ ላይ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ከሥዕሎቹ ውስጥ የሚታወቅ ዕቃ የጠፋበት የመጀመሪያው ነው።

የማይነበቡ መሆናቸው የውሳኔው ልብ ነው። የሚነበብ ፊደል ቢጽፍ ቻይንኛ የሚያውቅ ተመልካች ቃሉን አንብቦ ያልፋል፤ የማያውቀው ደግሞ እንደ እንግዳ ጌጥ ያየዋል። አንዱ አያይም፣ ሌላው አያነብም። በተፈጠረ ምልክት ፊት ግን ሁለቱም እኩል ይቆማሉ፤ የሚቀረው የመስመሩ ግፊትና አቅጣጫ ብቻ ነው።

አምስተኛው እርምጃ ምልክቱንም መጣል ሆነ። ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ምልክቶቹ ተበታትነው ወደ ብሩሽ ምት ተለወጡ። ርእስ መስጠትም አቆመ፤ በሸራው ጀርባ ቀኑ ብቻ ተጻፈ። ርእስ ሲጠፋ ተመልካቹ «ይህ ተራራ ነው፣ ያ ማዕበል ነው» የሚልበት መያዣ ያጣል። በ1957 ወደ አሜሪካ ተጉዞ የኒው ዮርክ ሠዓሊያንን ሥራ በቅርብ አይቷል፤ ኒው ዮርክ ውስጥም ጋለሪ አገኘ። ከዚያ በኋላ ሸራዎቹ ሰፉ። ስፋቱ የዝና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ትንሽ ሸራ ላይ የሚሠራው የእጅ አንጓ ነው፤ ሁለት ሜትር ሲሞላ ክንድና ትከሻ ይገባሉ። በብሩሽ ጽሕፈት ትምህርት ትልቅ ፊደል በቁም፣ ክርንን ከገበታ አንሥቶ ይጻፋልና የልጅነት ልምምዱ ቦታ ያገኘው በዚህ ስፋት ላይ ነው።

ስድስተኛው የጥቁር ቀለም መመለስ ነው። በ1971 ሁለተኛ ባለቤቱ በጠና ታማ ነበር። ትልልቅ ዘይት ሥዕሎች የሚጠይቁት ረጅም ሰዓት አልነበረውም። ሚሾ ወደ ወረቀትና ጥቁር ቀለም እንዲመለስ ገፋፋው። ባለቤቱ በ1972 ሞተች። በዚያው ዓመት ከ1948 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቻይና ሄዶ ቤተሰቡን አየ፤ በመስከረምም ለእሷ መታሰቢያ 2 ሜትር በ5.25 ሜትር የሆነውን ሥዕል ጨረሰ። ርእሱ «10.09.72» ነው፤ አሁን በፖምፒዱ ማዕከል ይገኛል። እዚህ ላይ ቀኑ ብቻውን ርእስ አልሆነም፣ መታሰቢያነቱ ተጨመረበት። ሕጉን የጣሰው በኀዘን ምክንያት መሆኑ ለሰውየው ያለንን አክብሮት ይጨምራል።

በቁሱ ላይ የሆነው

ከ1971 በኋላ የተሠሩትን ዘይት ሥዕሎች ከ1960ዎቹ ጋር ያነጻጸረ ሰው ልዩነቱን በዓይኑ ያገኘዋል። በ1960ዎቹ ሸራው መካከል ወፍራም ምቶች ተፋጭተው እንደ አከርካሪ ይቆማሉ። በኋለኞቹ ዓመታት ጫፎቹ ይከብዳሉ፣ መካከሉ ይከፈታል፤ ቀለሙ በብዙ ቦታ በተርፔንታይን (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ) ቀጥኖ ይፈሳል፣ ይንጠባጠባል፣ ይጋጠማል። ጥቁር ቀለሙ ዘይቱን አስተማረው ማለት ይቻላል።

መካከሉ መከፈቱ ከጥንት የመጣ ነው። በሶንግ ዘመን፣ ከ960 እስከ 1279፣ በተሠሩ የመልክዐ ምድር ሥዕሎች ያልተነካው ሐር ውሃም ጭጋግም ሰማይም ሆኖ ያገለግላል፤ ባዶው የሥዕሉ ሠራተኛ ክፍል ነው። የአውሮፓ ዘይት ሥዕል ልማድ ግን ሸራውን ከጥግ እስከ ጥግ መሸፈን ነበር። ዛኦ ሸራውን ባዶ አልተወም፤ ባዶውን በቀለም ሠራው፦ ብዙ ቀጫጭን ሽፋኖችን እየደራረበ ዓይን የሚገባበት ብርሃን አደረገው። ሁለቱ ልማዶች በአንድ ገጽ ላይ የተስማሙት እዚህ ላይ ነው፤ በእኛ ግምገማ ከሥራው ሁሉ ጠንካራው ክፍል ይኸው ነው።

ለሚሠራ ሰው ይህ አሠራር የሚያስከትላቸው አደጋዎች መታወቅ አለባቸው።

ተርፔንታይን ሲበዛ የሊንሲድ (የተልባ) ዘይቱ ይበተንና የቀለም ዱቄቱን የሚይዝ ነገር ይጎድላል። ገጹ ሲደርቅ ይገረጣል፤ በደረቅ ጨርቅ ሲነካ ቀለሙ ከለቀቀ ማሰሪያው ጎድሏል ማለት ነው። ቀጭን ሽፋን ከሥር፣ ዘይት የበዛበት ከላይ መሆን አለበት። ሲገለበጥ ከታች ያለው ዘይታም ሽፋን ገና እየተንቀሳቀሰ ከላይ ያለው ቀድሞ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል። ከጥላሸት የተሠራ ጥቁር በዘይት ውስጥ በጣም ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ብዙ ዘይትም ይጠጣል። ስለዚህ ጥቁሩን ከሥር አድርጎ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም መደረብ የተለመደ የመሰንጠቅ ምክንያት ነው። ከሥር ጥቁር የሚያስፈልግ ከሆነ ቶሎ የሚደርቀውን የተቃጠለ አምበር (ቡናማ የአፈር ቀለም) ከጥቁር ሰማያዊ ጋር ደባልቆ መጠቀም ይሻላል።

«ሸራውን ሳያዘጋጁ እንደዚያ ወረቀት እንዲመጥ ማድረግ አይቻልም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ይቻላል፤ አሜሪካዊቷ ሄለን ፍራንከንታለር በ1952 የቀጠነ ዘይት ባልተዘጋጀ ሸራ ላይ አፍስሳ አዲስ መንገድ ከፍታለች። ዋጋው ግን አለ። ዘይቱ በክሩ ውስጥ ተስፋፍቶ በቀለሙ ዙሪያ ቢጫ ጠርዝ ያበጃል፤ ከጊዜ ብዛትም ክሩን ያደርቀዋል፣ ያደክመዋል። ተዘጋጅቶ በተቀባ ሸራ ላይ የሠራ ሰው መስረግን በዓይን ያስመስላል እንጂ አያገኝም፤ ሥዕሉ ግን ይቆያል።

ያልተሳካው

የሀንግዡን ግልበጣ ትምህርት በንቀት መተው አልሠራለትም፤ ምክንያቱም እጁ ከዚያ ያገኘውን ከጊዜ በኋላ ፈልጎ ወሰደው። ከክሌ ጋር ያሳለፋቸው ዓመታትም ራሳቸውን ችለው የሚቆሙ አይደሉም፤ ከመሸጋገሪያነት አያልፉም።

ሥራውን በቻይና በኩል ወዲያው አልተቀበሉትም። አርክቴክቱ አይ ኤም ፔይ በ1982 ለተከፈተው የቤጂንጉ «ሺያንግሻን» ሆቴል ሁለት ትልልቅ የጥቁር ቀለም ሥዕሎች አሠርቶት ነበር። አቀባበሉ ቀዝቃዛ ሆነ። በዚያን ጊዜ የቻይና አካዳሚዎች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከሶቪየት ኅብረት በወሰዱት የእውነታ አሣሣል ይመሩ ነበር፤ ረቂቅ ሥዕል ለዓመታት በአደባባይ አልታየም። በ1983 ሥራዎቹ ቤጂንግና ሀንግዡ ታዩ። በ1985 በተማረበት ሀንግዡ ለአንድ ወር አስተማረ፤ ተማሪዎቹን በራሳቸው ዓይን እንዲያዩ፣ ሥዕሉን ሙሉ ሆኖ እንዲያስቡት፣ ከመገልበጥ እንዲወጡ ወተወተ። ድልድዩ ሰው በሁለቱም አቅጣጫ የተሻገረበት በዚህ ክፍል ውስጥ ነው፤ ፓሪስ ከገባ 37 ዓመት ካለፈ በኋላ።

ገበያው የሰጠው ዋጋ እንደ ማስረጃ ባይቆጠር እንመርጣለን። «ሰኔ–ጥቅምት 1985» የተሰኘው፣ 2.8 ሜትር በ10 ሜትር የሆነው ሦስት ክፍል ሥዕል በ2018 ሆንግ ኮንግ ላይ በ510 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ተሸጧል፤ ያን ጊዜ 65 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር። ቁጥሩ የሚናገረው በእስያ ስለተፈጠረው የገዢ ዐቅም ነው። ሥዕሉ የተሠራው ለዚያው ለፔይ የሲንጋፖር ሕንፃ ነበር፤ በመጠኑም በአሠራሩም የሠዓሊውን ዐቅም የሚያሳይ ሥራ ለመሆኑ ጨረታ አያስፈልገውም።

ወደ ሌላ ቦታ የሚሻገረው

ዛኦ ፓሪስ ውስጥ ምልክቶቹን ጥሎ ሰፊ ሸራ በያዘባቸው ዓመታት ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንም እዚያው ከተማ ነበር፤ በ1966 ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ አስተማረ። የሁለቱ ጥያቄ ተቀራራቢ ነው፦ የአገርን ቅርስ ይዞ ዘመናዊ ሥዕል ውስጥ እንዴት ይገባል? መልሳቸው ግን ይለያያል። እስክንድር የጠልሰም ጥቅልሎችን ዓይኖች፣ ክፈፎችና ፍጥረታት በሥዕሉ ውስጥ አስቀራቸው፤ ምስሉ ተለወጠ እንጂ አልጠፋም። ዛኦ ምስሉን አጥፍቶ የእጁን ልማድ ብቻ አስቀረ። ሁለቱም መንገዶች ይሠራሉ። የማይሠራው ምስሉን ሳይለውጡ ከአዲስ ቁስ ላይ መለጠፍ ነው፤ በዘይት የተቀባ የጠልሰም ግልባጭ ግልባጭ ነው።

የፊደል ነገር ለእኛ ሠዓሊያን በተለይ ይመለከታል። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ለአሥርተ ዓመታት ፊደላችንን የሥዕሉ አካል አድርጎ ሠርቷል፤ ፊደሎቹ ይሰበራሉ፣ ይረዝማሉ፣ ይገለበጣሉ። ይህን መንገድ የሚሞክር ወጣት አንድ ፈተና ቢያደርግ ይጠቅመዋል፦ ሥዕሉን አማርኛ ለሚያነብና ለማያነብ ሰው ያሳይ። አንባቢው በመጀመሪያ ቃል ከጠራ፣ ፊደሉ ገና ጽሑፍ ነው። ስለ ግፊቱ፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ አቅጣጫው ከተናገረ ሥዕል ሆኗል።

መምህራን በክፍል ሊሠሩት የሚችሉት ልምምድ የሚከተለው ነው። ሦስት ገጽ ይዘጋጅ፦ የሚመጥ ወረቀት (የላቦራቶሪ ማጣሪያ ወረቀት ይበቃል)፣ ወፍራም የመሣያ ወረቀት፣ ነጭ መሠረት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የተቀባ ሸራ። በሁለቱ ወረቀቶች ላይ በጥቁር ቀለም ሦስት ዓይነት መስመር ይሠራ፦ ብዙ የጠጣ ብሩሽ በዝግታ፣ ደረቅ ብሩሽ በፍጥነት፣ በውሃ የቀጠነ ሰፊ ምት። ቀለሙን በአምስት ትንንሽ ሳህኖች ከጥልቅ ጥቁር እስከ ፈዛዛ ግራጫ ማቅጠን ጥሩ ነው። ሲደርቅ እንደሚፈዝ አስቀድሞ መገመት ያስፈልጋል። በሚመጠው ወረቀት ላይ በዝግታ የሄደው መስመር ይሰፋል፣ ብሩሹ የቆመበት ቦታ ሁሉ ጠብታ ይሆናል፤ ተማሪው እጁ የት እንዳመነታ ያያል። ይህን ልምምድ ሳያልፉ ወደ ሸራው መሄድ አይመከርም።

ከዚያ በሸራው ላይ አንድ እጅ የዘይት ቀለም በሁለት እጅ ተርፔንታይን ይቅጠን። ሸራው መሬት ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ይጋደም፤ የቆመ እንደሆነ ፈሳሹ መስመሩን ይዞት ይወርዳል። ተመሳሳዮቹ ሦስት መስመሮች ይደገሙ። የመጀመሪያው ሽፋን ሲነካ የማይጣበቅ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለ ጊዜ፣ ሁለተኛው ይደረብ፤ በሁለተኛው ተርፔንታይኑ ይቀነስና ጥቂት የሊንሲድ ዘይት ይጨመር። ወፍራም ምቶች የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው፤ እነሱ ውስጣቸው እስኪደርቅ ወራት ይወስዳሉ፣ ስለዚህ ቫርኒሽ ከስድስት ወር በፊት አይቀባ።

ክፍሉ መስኮት የተከፈተበት ይሁን፤ የተርፔንታይን ሽታ ራስ ያሳምማል። ሊንሲድ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ሲደርቅ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ጨርቁ ውሃ ባለበት ክዳናም የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ይግባ፣ ከክፍል ወጥቶም ይቀመጥ።